የሞተር ሳይክል ሞተር ቀላል መኪና ላይ ሲገባ፦ ቤንዚኑን ማን ይበላዋል?

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ እንደምን ነህ? ሳቢያን ብየዳ ቤት አለኝ። ከተጋጨ ስፖርት ሞተር ሳይክል ላይ የወጣ ባለ 600 ሲሲ፣ ባለ አራት ፒስተን ሞተር ከነካምቢዮው አግኝቻለሁ። በቱቦላሬ ሻንሲ በይጄ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ባዶዋን 400 ኪሎ የምትሆን መኪና ልሠራ ነው። ሞተር ሳይክሉ በሊትር 20 ኪሎሜትር ይሄድ ነበር ብለውኛል። እኔ ደግሞ ቢያንስ 18 አገኛለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጓደኞቼ ከቪትዝ ያነሰ ቤንዚን ትበላለች ይላሉ። የምነዳት ድሬ ውስጥ ነው፤ በሳምንት አንዴ ሐረር እወጣለሁ። ልክ ነኝ ወይ?»

ጋሼ ብለህ ጀምረህ ወዲያው «ነህ» አልከኝ። የድሬ ልጅ መሆንህን ለማሳወቅ ሳቢያንን መጥራት አያስፈልግህም ነበር። እኔም አንተ ልበልህ፣ እንግባባለን።

18ቱን የምታገኘው ሜዳ ላይ፣ ከ80 ሳታልፍ፣ እግርህን ገርተህ ስትነዳ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ከ12 እስከ 14 ብታገኝ ደስ ይበልህ። የቪትዙ ነገር ደግሞ ጓደኞችህ እንደሚሉት አይደለም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ያቺን 20 እንፈትሻት። ሞተር ሳይክሉ 200 ኪሎ ቢሆን፣ ነጂው ደግሞ 75፣ ሲደመር 275 ኪሎ ነው። ያንተ መኪና 400፣ ሁለት ሰው 150፣ በድምሩ 550። ልክ እጥፍ ነው። ጎማው ከሁለት ወደ አራት ሄዷል። ነፋሱን የሚገፋው አካል ሰፍቷል። ሞተሩ ግን ያው ነው። 20ዋ የሞተሩ ጠባይ ብትሆን ኖሮ አብራው ትመጣ ነበር። የሞተር ሳይክሉ የቀላልነቱና የቅጥነቱ ውጤት ስለሆነች እዚያው ትቀራለች።

አሁን ወደ ሞተሩ። እንዲህ ያሉ ስፖርት ሞተሮች ወደ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡት በደቂቃ 12,000 ዙር አካባቢ ሲደርሱ ነው። መኪናህ በ80 ሜዳ ላይ ስትሄድ የምትፈልገው ስንት መሰለህ? በእኔ ስሌት 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በ60 ደግሞ 5 ይበቃታል። መቶ ፈረስ ቀጥረህ አሥሩን ብቻ ታሠራለህ ማለት ነው። ዘጠናው ቆሞ ድርቆሽ ይበላል።

ቤንዚን ሞተር ቆጣቢ የሚሆነው ከአቅሙ ብዙውን ክፍል፣ ያውም በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነው። ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ብቻ ስትነካው አየር ማስገቢያው ይጠባል። ፒስተኑ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ሲታገል ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የውስጥ ሰበቃው ይብሳል። ስለዚህ ትልቅና ፈጣን ሞተርን በትንሽ ሥራ ማስሮጥ ለአንድ ሰው ሽሮ የድግስ ድስት እንደ መጣድ ነው። ሽሮው ትንሽ ነው፤ እንጨቱ ግን የሚነደው ለድስቱ ነው።

እንዲህ ዓይነት መኪና በእንግሊዝ አገር ብዙ ይሠራል። የሎተስ መኪና ፋብሪካ መሥራች ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨን የምትባለውን ቀላል፣ ራቁት መኪና አወጣ። ገዢው ክፍሎቿን ወስዶ ቤቱ ይገጣጥማት ነበር። ከ1973 ጀምሮ ኬተርሃም የሚባል ድርጅት ሥራውን ያዘ። በኋላ ብዙዎች ያንኑ ቅርጽ እየተከተሉ የሞተር ሳይክል ሞተር ይገጥሙባት ጀመር፤ የሆንዳ ፋየርብሌድ፣ የያማሃ አር1፣ የሱዙኪ ሃያቡሳ። ሃያቡሳ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ 1,299 ሲሲ፣ ከ170 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ይህን ግማሽ ቶን በማትሞላ መኪና ላይ ጫንከው ማለት በቃ ጥይት ነው። ግን እነሱ የሚሠሯት ለእሁድ ጨዋታና ለውድድር ሜዳ ነው። ለነዳጅ ብሎ የሚሠራት የለም። አንተ የወደድከው ቅርጿን ከሆነ ይግባኛል፣ እኔም እወዳታለሁ። ቅርጿ ግን በቤንዚን በኩል ጠላትህ ናት።

ሰው ቀላል መኪና ትንሽ ትበላለች ይላል፤ ግማሽ እውነት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ከክብደቱ ይልቅ ነፋሱ ይበልጣል። ጣሪያ የሌላት፣ ጎማዋ ወደ ውጭ የወጣ፣ የሰው ጭንቅላት ብቅ ያለባት መኪና ነፋስ ላይ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ናት። የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥሯ 0.7 አካባቢ ነው። የቪትዝ 0.30 ገደማ ነው። ቪትዝ ከፊት ስትታይ ያንተን አንድ ተኩል እጥፍ ትሆናለች፤ ግን ለስላሳ ናት። ቁጥሩን በፊት ስፋቱ ስታበዛው ያንተ ትንሿ መኪና ከቪትዝ በግማሽ ያህል የበለጠ ነፋስ ትጎትታለች።

ሁለቱንም በሁለት ሰው አስልቼልህ ነበር። ያንተ 550 ኪሎ፣ ቪትዟ አንድ ቶን። በ40 ስትሄዱ ያንተ ቀላልነት ያሸንፋል። በ60 እኩል ትሆናላችሁ። በ80 ቪትዝ ከአንተ ያነሰ ጉልበት ይበቃታል። በ100 ደግሞ ባንወራው ይሻላል። ይህ ገና የሞተሩ ጠባይ ሳይገባበት ነው። ቪትዟ ያላት ሞተር ለእንዲህ ያለ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ነው። ያንተው 12,000 ዙር ሲመኝ የሚኖር ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ከጓደኞችህ ጋር ውርርድ አትግባ።

ዳገት ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ለድሬ ሰው ጨዋታው ያለው ደግሞ እዚህ ነው።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ገደማ ነህ። ቢያንስ 800 ሜትር ከፍታ ራስህን ተሸክመህ ትወጣለህ። እዚህ ነፋስ የለም፣ ቅርጽ የለም፤ ኪሎ ብቻ ነው የሚቆጠረው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት አለ። ከዚያ ጎማው ላይ የሚደርሰው ሩቡ ነው እንበል፣ 8። ይህን ይዘህ ስታሰላ ከፍታው ብቻውን ያንተን መኪና ከግማሽ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ያስከፍላታል። ቪትዟን አንድ ሊትር። ቀለል ያለ ሞተር ሳይክል ከነነጂው 200 ኪሎ ቢሆን አንድ አምስተኛ ሊትር። ሐረር ውስጥ ያረጀችው ፔጆ 404 ታክሲ ባዶዋን ከአንድ ቶን በላይ ናት፤ አራት ሰው ጭና ስትወጣ አንድ ሊትር ከሲሶ ገደማ ለከፍታው ብቻ ትከፍላለች። መንገዱን ለመሄድ የሚቃጠለው ከዚህ በላይ ተጨማሪ ነው።

ደስ የሚለው ነገር አለ። ዳገት ላይ ሞተርህ ሥራ ያገኛል። ነዳጅ መስጫው ይከፈታል፤ ያ የታፈነ ሳብ ይቀራል። በሊትር የሚሄደው ኪሎሜትር ቢያንስም፣ ለእያንዳንዷ ጠብታ የምታገኘው ጉልበት ከሜዳው ይሻላል።

ይህን ከወረቀት ብቻ አይደለም የማውቀው። ወጣት ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በ200 ሲሲ የቻይና ሞተር አንዲት ባለ አራት ጎማ ነገር ሠርተን ነበር። መኪና ለማለት ያሳፍራል፤ አልጋ ላይ ጎማ የተገጠመ ነው የምትመስለው። ስንት እንደምትበላ ለማወቅ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ገለበጥን፣ ቂጡን በሳን፣ ክዳኑ ላይ ጎማ ቱቦ አስገብተን ወደ ካርቡራተሩ ለቀቅነው። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርን። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ሃይላንዱን ታቅፎ መስመሩን ይጠራል። አንተ አታድርገው። ቤንዚን ታቅፎ መሄድ የእብድ ሥራ ነው፤ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ከመስመር መስመር ለመውረድ ዘመን ይፈጅ ነበር። ጓደኛዬ አንዴ «ቱቦው ተዘጋ መሰለኝ» ብሎ አስቆመን። አልተዘጋም። ደንገጎ ስንገባ ግን በዓይን እያየነው ይወርድ ጀመር። ከላይ የጫት አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ሲወርድ እኛ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ጠርዝ ይዘናል። ልጁ «አንድ!... ሁለት!...» ይላል፤ ሦስተኛውን ሳይጠራ ሃይላንዱ ባዶ ሆነ።

ያኔ ሌላም ተማርን። የኋላውን የካቴና ጥርስ ከ45 ወደ 38 ቀየርነው። ሜዳው ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ፍጆታውም በእርግጥ ቀነሰ። ተደሰትን። ደንገጎ ላይ ግን ከቆምንበት መነሳት አቃተን። ነጂው ፍሪሲዮኑን ግማሽ እየለቀቀ ሲያስጮኸው የተቃጠለ ሽታ መጣ። አንድ ፍሪሲዮን በላን። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የሚሠራ፣ ስስ ሳህኖች የተደራረቡበት ነው፤ የተሰላው ለ200 እና ለ300 ኪሎ ነው። ለ550 ኪሎ ዳገት ላይ ግማሽ እየለቀቅህ ስትነሳ ቤንዚኑም ፍሪሲዮኑም አብረው ይነዳሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምታስብበት የዲፈረንሻሉን ምጣኔ ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሰው ሞተሩን ያመልካል፤ ዲፈረንሻሉን ግን ከተገኘበት ያነሳል። ሞተር ሳይክሉ ላይ የኋላው ጥርስ ከፊተኛው 2.8 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፣ ጎማውም ትልቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ስድስተኛ ማርሽ ላይ በ80 ሲሄድ 4,400 ዙር ገደማ ነው። አንተ ከአሮጌ መኪና 3.9 የሆነ ዲፈረንሻል አንስተህ ባለ 13 ጎማ ስታስገባበት በዚያው 80 ላይ 7,000 ዙር ትደርሳለህ። ጆሮህን ይበላሃል፣ ኪስህንም። 3.1 አካባቢ ብታገኝ 5,500 ትሆናለህ። አሁንም ብዙ ነው፤ ግን ትኖርበታለህ። ዳገቱን ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ ጉልበት አላጣህም።

ምጣኔውን ለማወቅ ወረቀት አትፈልግ። ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንሳ። ዘንጉ ላይ በኖራ ምልክት አድርግ። ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ሙሉ ዙር አዙርና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። ሦስት ጊዜ ዞሮ ትንሽ ካለፈ ግዛው። አራት ሊሞላ ከሆነ ተወው።

ካርቡራተር ነው ወይስ ኢንጄክሽን? አልነገርከኝም፤ ልዩነት አለው። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ በየሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ሐረማያ ሲደርስ ከሚገባው አሥር በመቶ ገደማ የበለጠ ቤንዚን ይረጫል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለድሬ አስተካክለኸው ሐረር ስትወጣ ያንን ያህል አይሆንም፤ ግን ይኖራል። ካንዴላ ፈትተህ እይ። ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካለው ጥሩ ነው። ጥቀርሻ ከሆነ የነዳጅ ማሳለፊያውን አንድ ደረጃ ወደሚያንስ ቀይር። አየር የሚለካ ኢንጄክሽን ካለህ ይህን አንቀጽ እርሳው።

ስትወርድ በዜሮ ማርሽ አትልቀቃት። ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ወሬ ኢንጄክሽን ላይ እንዲያውም ውሸት ነው፤ በማርሽ ስትወርድ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል። ካርቡራተር ላይ ትንሽ ትቆጥብ ይሆናል፣ ግን ደንገጎን በፍሬን ብቻ መውረድን ለማንም አልመክርም። መንገዱ ዳር የተገለበጡትን አይተሃል።

አሁን ቤንዚን ነው ዓላማዬ ካልከኝ፣ የሞተር ሳይክል ሞተር ያላት ቆጣቢ መኪና የለችም አላልኩም። አለች፤ ግን ሌላ ዓይነት ናት። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1955 ኢሴታ የምትባል እንቁላል የመሰለች መኪና መሥራት ጀመረ። በሯ በግንባሯ በኩል ነው የሚከፈተው። ሞተሯ ከሞተር ሳይክሉ የመጣ፣ አንድ ፒስተን፣ 247 ሲሲ፣ 12 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ 350 ኪሎ አካባቢ። በ100 ኪሎሜትር 3 ሊትር ገደማ ነበር የምትበላው፣ በሊትር 33 ማለት ነው። በ1956 የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ አውሮፓ ነዳጅ ሲቸግረው ሰው ተሻማባት። በቅርቡ ደግሞ የባጃጅ ኩባንያ ባለ አራት ጎማዋን ኪዩትን አወጣ፤ 216 ሲሲ፣ 13 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቷ 70 ላይ የሚቆም። ፋብሪካው በሊትር 35 ነው የሚለው። የፋብሪካ ቁጥር መሆኑን አትርሳ፤ ሩቡን ብትቀንስበት እንኳ ከ25 በላይ ናት።

ልዩነቱን አየህ? ክብደታቸው ካንተ ጋር እኩል ነው። ግን ተዘግተዋል፣ ነፋሱ ላይ ለስላሳ ናቸው። ሞተራቸው ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ከአቅሙ ብዙውን ይሠራል። ድስቱና ሽሮው ተመጣጥነዋል። ዋጋውንም ይከፍላሉ፤ ደንገጎን በጸሎት ነው የሚወጡት።

መሀል መንገድም አለ። ከ250 እስከ 400 ሲሲ፣ አንድ ወይም ሁለት ፒስተን ያለው፣ በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ሞተር። ላይዋን በስስ ላሜራ ዝጋት፤ ጎማዎቹን ሸፍን፣ ከፊት መስታወት አድርግ፣ ከሥር ጠፍጣፋ አድርጋት። እንዲህ ከሆነች 20 ማለፍ የምትችል ይመስለኛል። በ600ው ልሥራ ካልክም ይኸው መሸፈን ከሁሉ የረከሰ ቁጠባህ ነው። ላሜራና ብየዳ ደግሞ በእጅህ ነው ያለው።

ሳትጠይቀኝ ሁለት ነገር ልጨምር። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ ይጋደማል፣ ዘይቱም አብሮት ስለሚጋደም ፓምፑ አይቸገርም። መኪና አትጋደምም። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ደንገጎ ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው። የዘይት መያዣው ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ላሜራ ሳትበይድ አትውጣ፤ አለዚያ ቤንዚን ሳይሆን የተሰበረ ቢሌላ (የፒስተን ክንድ) ነው የምትቆጥረው። ሁለተኛ፣ ያ ካምቢዮ የኋላ ማርሽ የለውም። መጋላ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብተህ ወርደህ ስትገፋት ሕፃናቱ እንዴት እንደሚስቁብህ ይታየኛል። አንዳንዶች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለኋላ ብቻ ይገጥማሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጓደኛ ካለህ ቀላል ነው።

ሊብሬና ሰሌዳ ጉዳይ ላይ ደግሞ አንድ ቱቦላሬ ሳትቆርጥ ንድፍህን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ሠርቶ ጨርሶ ግቢው ውስጥ ዶሮ ያሳደረባትን ሰው አውቃለሁ።

ለሞተሩ ቀብድ ካልከፈልክ አንድ ቀን ታገስ። የፊትና የኋላ የካቴና ጥርሱን ቁጠር፣ ልትገጥም ያሰብከውን ጎማ ቁጥር ከጎኑ ላይ አንብብ፣ ዲፈረንሻሉን በኖራው ቆጥረህ ጻፍልኝ። በ80 ስንት ዙር እንደምትሄድ አስልቼ እመልስልሃለሁ። ከ6,000 በላይ ከመጣ ሻጩን «አቦ፣ ይቅር» በለው።